ለአዲስ ሥራ የሚሆን ገንዘብ ከወዴት ይገኛል?



ባለፈው ዓመት የኢኮኖሚክስ መምህራችን «ትምህርታችሁን ስትጨርሱ ምን ለመሆን ታስባላችሁ?» ብለው ሲጠይቁን፥ ከክፍላችን ተማሪዎች ብዙዎቹ «የራሴን የቴክኖሎጂ ኩባንያ አቋቁማለሁ» ሲሉ መለሱ። ቀድሞ ሐኪም፥ መሐንዲስ ወይም አውሮፕላን አብራሪ ለመሆን ይመኝ የነበረው ሁሉ ዛሬ ምኞቱ ወደዚህ ዞሯል። መምህራችንም ፈገግ ብለው «መልካም ነው፤ ገንዘቡስ ከወዴት ይመጣል?» አሉን። ክፍሉ ጸጥ አለ። በመጨረሻ አንድ ልጅ ከኋላ ተነሥቶ «ከባለሀብት» ብሎ መለሰ። «ባለሀብቱስ ስለ ምን ብሎ ይሰጥሃል?» ቢሉት ግን የሚለው አጣ።

እኔም በዚያ ቀን ዝም ካሉት አንዱ ነበርሁ። ዝም ያልሁት ግን መልሱን ባለማወቄ ብቻ አልነበረም። ይህ ጥያቄ በጊዜው ሳይጠየቅ በመቅረቱ በቤታችን የደረሰውን ስላየሁ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከመጻሕፍት አንብቤና መምህራንን ጠይቄ የተረዳሁትን ያህል ለጓደኞቼ፥ ለመምህራኖቼና ለወላጆች ለማካፈል ይህን ጽሑፍ አዘጋጀሁ።

የወንድሜ ነገር

ታላቅ ወንድሜ በዩኒቨርሲቲ የሶፍትዌር ምህንድስና ተምሮ ከተመረቀ በኋላ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አንድ ሥራ ጀመረ። አሳባቸው ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ጤፍና በርበሬ ከነጋዴዎች በስልክ መተግበሪያ እንዲያዙ ማድረግ ነበር። አጎታችን የእህል ነጋዴ ናቸውና አሳቡን ወደዱት። ወንድሜ «አግዙኝ» ቢላቸው 400,000 ብር ሰጡት። ወረቀት አልተጻፈም፤ ምስክርም አልተጠራም። በቤተ ሰብ መካከል ወረቀት መጻፍ እንደ አለመተማመን ይቈጠራልና።

ገንዘቡ በ14 ወር አለቀ። መተግበሪያው በደንብ ይሠራ ነበር፤ ነገር ግን የሆቴል ገዢዎች ጤፉን በዓይናቸው ሳያዩና በእጃቸው ዘግነው ሳይመለከቱ መግዛት አልወደዱም። ሦስቱ ጓደኛሞች ተለያይተው እየተቀጠሩ መሥራት ጀመሩ። ያን ጊዜ አጎቴ ገንዘባቸውን ጠየቁ። ወንድሜም «ሥራው እኮ ከሰረ፤ የከሰርነው አብረን ነው» አላቸው። አጎቴም «እኔ አበደርሁህ እንጂ መቼ ሸሪክህ ሆንሁ? ቢያተርፍስ ኖሮ ከትርፉ ታካፍለኝ ነበር?» አሉት። ወንድሜ አንገቱን ደፋ። በዚያ ዓመት አጎቴ ለፋሲካ ቤታችን አልመጡም። እናቴም ዶሮ ወጡን ስታቀርብ ወንድሟ ዘወትር የሚቀመጡበትን ቦታ ላለማየት ፊቷን ስታዞር አይቻታለሁ።

በዚህ ነገር ብዙ ካሰብሁ በኋላ የተረዳሁት፥ ከሁለቱ አንዱም ሐሰተኛ አለመሆኑን ነው። አንዱ ብድር ያለውን ሌላው ሽርክና ብሎት ነበር። ስሕተቱ ይኸው ብቻ ነው።

ገንዘብ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም

ብድር ማለት ተበዳሪው ቢያተርፍም ቢከስርም የሚመለስ ዕዳ ነው። ስለዚህ ባንክ ሲያበድር ከአሳቡ ታላቅነት ይልቅ ስለ መያዣው አጥብቆ ይጠይቃል። ባንኩም በዚህ አይፈረድበትም። የሚያበድረው የአስቀማጮችን ገንዘብ ነው፤ ተበዳሪው እጅግ ቢበለጽግም ባንኩ የሚያገኘው የተወሰነውን ወለድ ብቻ ነው። ትርፉን የማይካፈል ሰው ኪሳራውን ስለ ምን ይሸከማል?

ዕቁብ ደግሞ ለአገራችን ሰው ብዙ የጠቀመ፥ ብዙ ሱቅ ያስከፈተ የቁጠባ ዘዴ ነው። ነገር ግን ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው እስከ መጨረሻው ዙር ድረስ የመጣል ግዴታ አለበት። ሥራው ቢፈርስም ዳኛው መዋጮውን ይጠይቀዋል። ስለዚህ ቀድሞ ለወሰደው ሰው ዕቁብም እንደ ብድር ነው።

ሦስተኛው ሽርክና ነው። ይህን ከተሜው ቢረሳው የገጠሩ ሰው አይረሳውም። መሬት ያለው፥ በሬና ጉልበት ግን የሌለው ሰው መሬቱን ለእኩል ያሳርሳል። ዝናም ቢጠፋ ሁለቱም ያጣሉ፤ አዝመራው ቢያምር ሁለቱም ያገኛሉ። ላሙን ለርቢ የሚሰጥም እንደዚሁ ነው፤ ጥጃ ቢወለድ ይካፈላሉ፤ ላሟ ያለ አርቢው ጥፋት በበሽታ ብትሞት ግን ሁለቱም አብረው ያዝናሉ።

በዛሬው ዘመን ቬንቸር ካፒታል የሚባለው ገንዘብ መሠረቱ ይኸው አሳብ ነው። ባለገንዘቡ የሚሰጠው የአክሲዮን ዋጋ ነው እንጂ ብድር አይደለም። ኩባንያው ቢጠፋ ገንዘቡ አብሮ ይጠፋል፤ ቢያድግ ደግሞ እንደ ድርሻው ያድግለታል። በዚህም ምክንያት ገና ያልተፈተነ፥ መያዣ የሌለው፥ ነገር ግን ቢሳካ እጅግ ሊሰፋ ለሚችል ሥራ የሚስማማው ይህ ገንዘብ ነው።

ሁለት መሐንዲሶችና 70,000 ዶላር

ይህ አሠራር በዘመናዊ መልክ የተደራጀው በአሜሪካ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ1946 በቦስተን ከተማ «አሜሪካን ሪሰርች ኤንድ ዴቨሎፕመንት» የተባለ ኩባንያ ተቋቋመ። ለብዙ ዘመን የመሩት ጆርጅ ዶሪዮ በፈረንሳይ አገር ተወልደው ወደ አሜሪካ የሄዱ፥ በሀርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ያስተማሩና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ጦር ጄኔራል የሆኑ ሰው ነበሩ። ከመሥራቾቹ አንዱ ደግሞ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፕሬዚዳንት ካርል ኮምፕተን ነበሩ። እነዚህ ሰዎች በጦርነቱ ጊዜ በየቤተ ሙከራው ብዙ አዲስ ነገር እንደ ተፈለሰፈ ያውቁ ነበር። ነገር ግን ፈልሳፊዎቹ ለባንክ የሚያቀርቡት መያዣ አልነበራቸውም። እንዲህ ላለው ሥራ ገንዘብ ይገኝ የነበረው በአብዛኛው ከጥቂት ሀብታም ቤተ ሰቦች ነበር። አዲሱ ኩባንያ ግን አክሲዮን ለሕዝብ እየሸጠ በሚያገኘው ገንዘብ የጀማሪዎችን አክሲዮን ይገዛ ጀመር።

በ1957 ኬን ኦልሰንና ሃርላን አንደርሰን የሚባሉ ሁለት ወጣት መሐንዲሶች ወደዚህ ኩባንያ መጡ። አሳባቸው በዚያን ጊዜ ከነበሩት ግዙፍ መኪናዎች ያነሰና የረከሰ፥ ሰው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ የሚሠራበት ኮምፒዩተር ለማውጣት ነበር። ይሁን እንጂ ማመልከቻቸውን ከማቅረባቸው በፊት «ኮምፒዩተር» የሚለውን ቃል እንዳያነሡ ተመከሩ። በዚያን ጊዜ ታላላቅ ኩባንያዎች ሳይቀሩ በኮምፒዩተር ሥራ ይከስሩ ስለ ነበር ነው። ስለዚህ ኩባንያቸውን «ዲጂታል ኢኩዊፕመንት» አሉት፤ በመጀመሪያም ለቤተ ሙከራዎች የሚሆኑ የኤሌክትሮኒክ ክፍሎችን ሠርተው ለመሸጥ ዐቀዱ።

የዶሪዮ ኩባንያ በ70,000 ዶላር ከአክሲዮኑ 70 ከመቶውን ወሰደ። መሐንዲሶቹም በሜይናርድ ከተማ በአንድ አሮጌ የሱፍ ፋብሪካ ሕንጻ ውስጥ ክፍል ተከራይተው ሥራ ጀመሩ። የኤሌክትሮኒክ ክፍሎቹ ተሸጡ፤ ገቢም መጣ። በዚያ ገቢ ተደግፈው በ1959 መጨረሻ ፒዲፒ-1 የተባለውን የመጀመሪያ ኮምፒዩተራቸውን ለሰው አሳዩ። በ1966 አክሲዮናቸው ለሕዝብ ተሸጠ፤ ያ 70,000 ዶላር ከጥቂት ዓመታት በኋላ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቈጠር ዶላር ሆነ። ኩባንያው በ1980ዎቹ መጨረሻ ከ100,000 በላይ ሠራተኞች ነበሩት። ነገር ግን የግል ኮምፒዩተር ሲመጣ ዘመኑ ቀድሞት ሄደና በ1998 ኮምፓክ ለተባለ ሌላ ኩባንያ ተሸጠ።

ከዚህ ታሪክ እኔ የወሰድሁት ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛ፥ ባለገንዘቡ ከ1957 እስከ 1966 ድረስ ዘጠኝ ዓመት ታግሷል። ሁለተኛ፥ መሐንዲሶቹ ትልቁን አሳብ በልባቸው ይዘው አስቀድመው ገዢ ያለውን ትንሹን ነገር ሸጡ። ወንድሜ ግን ገዢው ምን እንደሚፈልግ ሳያረጋግጥ መተግበሪያውን ለመጨረስ ቸኰለ።

የባለገንዘቡ ስሌት

አሁን «ባለሀብቱ ስለ ምን ይሰጥሃል?» ወደሚለው ጥያቄ እንመለስ። አንድ ባለገንዘብ በአሥር ጀማሪ ኩባንያዎች ላይ አንዳንድ ሚሊዮን ብር አወጣ እንበል። ስድስቱ ፈጽመው ጠፉ። ሦስቱ ያወጣውን ብቻ መለሱለት። አንዱ ግን ሃያ እጥፍ ሆነ። ባለገንዘቡ 10 ሚሊዮን ብር አውጥቶ 23 ሚሊዮን ብር አገኘ ማለት ነው። ያ አንዱ ባይኖር ኖሮ የሚመለስለት 3 ሚሊዮን ብር ብቻ ነበር። የዶሪዮ ኩባንያ የብዙ ዓመት ትርፍ እንኳ ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ሲቀነስለት በግማሽ ያህል ይወርዳል።

ስለዚህ ይህ ገንዘብ የሚፈልገው መልካም ሥራን ሁሉ አይደለም፤ ሃያና ሠላሳ እጥፍ ሊያድግ የሚችለውን ብቻ ነው። በሰፈራችን ያለው ዳቦ ቤት ባለቤቱን በክብር ያኖራል፤ ልጆቹንም ያስተምራል። ነገር ግን ሠላሳ እጥፍ አያድግምና ለቬንቸር ካፒታል አይሆንም። ይህ ለዳቦ ቤቱ ነውር አይደለም። ለእርሱ የሚስማማው የራስ ቁጠባ፥ ዕቁብ ወይም የባንክ ብድር ነው።

ሌላም ማወቅ የሚገባን ነገር አለ። በዛሬው ጊዜ ብዙዎቹ የቬንቸር ካፒታል ድርጅቶች የሚያወጡት ገንዘብ በአብዛኛው የራሳቸው አይደለም። ከጡረታ ፈንዶች፥ ከዩኒቨርሲቲዎች ሀብትና ከመድን ድርጅቶች የተሰበሰበ ነው። ድርጅቱ አብዛኛውን ጊዜ በየዓመቱ 2 ከመቶ ለማስተዳደሪያ፥ ከትርፉም 20 ከመቶ ይወስዳል፤ ገንዘቡንም ብዙውን ጊዜ በ10 ዓመት ገደማ ለባለቤቶቹ መመለስ አለበት። እንግዲህ ባለገንዘቡም በስተኋላው የሚጠይቀው ሌላ ባለገንዘብ አለ። «ይህን አክሲዮን መቼና ለማን እሸጣለሁ?» ብሎ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለዚህ ነው።

ድርሻ እንዴት ይቀንሳል?

ሒሳብ የምትወዱ ጓደኞቼ ይህን አስተውሉ። አንድ ኩባንያ ገንዘብ ከመግባቱ በፊት 4 ሚሊዮን ብር ያወጣል ተብሎ ስምምነት ተደረገ፤ ባለገንዘቡም 1 ሚሊዮን ብር ጨመረ። የኩባንያው ዋጋ 5 ሚሊዮን ብር ሆነ፤ የባለገንዘቡ ድርሻ 20 ከመቶ፥ የመሥራቾቹ ድርሻ 80 ከመቶ ነው። በሚቀጥለው ዙር ሌላ ባለገንዘብ መጥቶ 25 ከመቶ ቢይዝ የሁሉም ድርሻ በአንድ አራተኛ ይቀንሳል፤ መሥራቾቹ ወደ 60፥ የመጀመሪያውም ባለገንዘብ ወደ 15 ከመቶ ይወርዳሉ። ኩባንያው በዚያው ልክ ካደገ ይህ ጉዳት አይደለም፤ ከትንሽ ዳቦ 80 ከመቶ ከመያዝ ከትልቅ ዳቦ 60 ከመቶ መያዝ ይሻላልና። ካላደገ ግን መሥራቹ በገዛ ቤቱ እንግዳ እየሆነ ይሄዳል።

ከድርሻው ቍጥር ይልቅ ብዙውን ሰው የሚጎዳው ውሉን አለማንበብ ነው። በብዙ ውል ውስጥ ኩባንያው ሲሸጥ ባለገንዘቡ ያወጣውን ገንዘብ ቀድሞ እንዲያነሣ የሚፈቅድ አንቀጽ አለ። 1 ሚሊዮን ብር የገባበት ኩባንያ በ1,200,000 ብር ቢሸጥ፥ ባለገንዘቡ አስቀድሞ 1 ሚሊዮኑን ይወስዳል፤ 80 ከመቶ አለኝ ይል የነበረው መሥራች ከቀረው 200,000 ብር የማይበልጥ ያገኛል። ይህ ማታለል አይደለም፤ የተፈረመበት ነው። ስለዚህ ከመፈረም በፊት ለሕግ ዐዋቂ ማሳየት ይገባል።

የገንዘብ በጋና ክረምት

ይህ ገንዘብ ሁልጊዜ እኩል አይፈስስም። ባንክ የሚያስቀምጥ ሰው በቂ ወለድ ሲያገኝ ገንዘቡ በዚያው ይቀመጣል፤ ወለዱ ሲጠፋ ግን ትርፍ ፍለጋ ወደ አደገኛው ሥራ ይሮጣል። በዚህ ላይ አዲስ ግኝት ሲጨመርበት ሰው ሁሉ እንዳይቀድሙት ይሽቀዳደማል።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ኢንተርኔት ሲስፋፋ እንዲህ ሆነ። ስሙ በኢንተርኔት የተጠራ ኩባንያ ሁሉ ገንዘብ ያገኝ ነበር። የቴክኖሎጂ አክሲዮኖች የሚሸጡበት የናስዳክ ገበያ መለኪያ በመጋቢት 2000 ከ5,000 በላይ ደረሰ፤ በጥቅምት 2002 ግን ወደ 1,100 ገደማ ወረደ። በዚያ ዘመን ከጠፉት አንዱ ዌብቫን የሚባለው ኩባንያ ነው። ሥራው በኢንተርኔት የታዘዘ አስቤዛ በየቤቱ ማድረስ ነበር። ስለ ወንድሜ ሳስብ ይህን ታሪክ ማንበቤ አጽናንቶኛል። ዌብቫን በመቶ ሚሊዮኖች የሚቈጠር ዶላር ይዞ፥ ገዢው ምን ያህል እንደሚያዝ ሳያረጋግጥ ታላላቅ መጋዘኖች ሠርቶ በ2001 ከሰረ። እንግዲህ ገንዘብ መብዛቱ ብቻውን ስሕተትን አያድንም፤ እንዲያውም ስሕተቱን ያሰፋዋል።

ሁለተኛው በጋ በ2021 ነበር። በአሜሪካ የመንግሥት ባንክ ወለድ ወደ ዜሮ ተጠግቶ ስለ ነበር በዓለም ሁሉ ለጀማሪ ኩባንያዎች የወጣው ገንዘብ በዚያ ዓመት ከ600 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። ከመጋቢት 2022 ጀምሮ ግን ወለዱ ከፍ እያለ ሄዶ በ2023 ከ5 ከመቶ አለፈ፤ ገንዘቡም ሸሸ። ብዙ ኩባንያዎች ሠራተኞቻቸውን አሰናበቱ። በኅዳር 2022 ቻትጂፒቲ ከወጣ በኋላ ደግሞ ገንዘቡ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ወደሚባለው ሥራ ጐረፈ። ከእኛ መካከል ዛሬ ይህን ስም በአሳቡ ላይ ለመለጠፍ የሚቸኵል ካለ፥ ትናንት የኢንተርኔት ስም ለጥፈው የጠፉትን ያስታውስ።

በበጋው ጊዜ ባለገንዘቡም መመርመርን ይተዋል። ኤልዛቤት ሆምስ የምትባል አሜሪካዊት በ19 ዓመቷ በ2003 ቴራኖስ የተባለውን ኩባንያ አቋቁማ፥ ከጣት በሚወሰድ ጥቂት ደም ብዙ ዓይነት ምርመራ ማድረግ ይቻላል ብላ ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበች። መሣሪያው ግን እንደ ተባለው አይሠራም ነበር። በ2022 ባለገንዘቦችን በማታለል ጥፋተኛ ተብላ ከ11 ዓመት በላይ እስራት ተፈረደባት። በሐቀኝነት የከሰረ ሰው እንደ ገና ሊጀምር ይችላል፤ የዋሸ ግን የሚያምነው አያገኝም።

በአገራችንስ?

በአፍሪካ ለጀማሪ ኩባንያዎች ከሚመጣው ገንዘብ ትልቁን ክፍል የሚያገኙት ናይጄሪያ፥ ኬንያ፥ ግብፅና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። የውጭው ባለገንዘብ ወደ እኛ ሲመለከት «የገዛሁትን አክሲዮን ለማን እሸጣለሁ? ገንዘቤንስ በውጭ ምንዛሪ ማውጣት እችላለሁን?» ብሎ ይጠይቃል። በዚህ ረገድ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ለውጥ ተጀምሯል። በሐምሌ 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በጥር 2025 ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራውን ጀመረ። አክሲዮን የሚሸጥበት የታወቀ ገበያ መኖሩ ለነገው መሥራች መንገድ ይከፍታል። ይሁን እንጂ መንገድ መከፈቱ ብቻ አያደርስም።

ስለዚህ ገንዘብ ከመጠየቃችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ። ይህን ነገር በእርግጥ የሚገዛ ሰው አግኝተናል ወይስ ጓደኞቻችን ስላደነቁን ብቻ ነው? በትንሽ ገንዘብ ልንፈትነው የምንችለው ክፍል የትኛው ነው? የምንጠይቀው ገንዘብ ለስንት ወር ይበቃል፥ በዚያስ ጊዜ ምን አድርገን እናሳያለን? ሥራው እጅግ ሊሰፋ ይችላል ወይስ እንደ ዳቦ ቤቱ በልክ የሚኖር ነው? ከሁሉ በላይ ደግሞ፥ የሚሰጠን ሰው ገንዘቡ ቢጠፋ ኑሮው ይናጋል ወይስ አይናጋም? ቢጠፋ ኑሮው ከሚናጋበት ሰው ላልተፈተነ ሥራ ገንዘብ መቀበል አይገባም፤ እናትም ብትሆን፥ በፈቃዷም ብትሰጥ። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚባለው ተረት ለእንዲህ ያለው ሰው የተነገረ ይመስለኛል።

ወላጆችንም በትሕትና የምለምነው አለኝ። ልጃችሁ ገንዘብ ሲጠይቃችሁ «ብድር ነው ወይስ ድርሻ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱንም በወረቀት አስፍሩት። ወረቀቱ መተማመንን አያፈርስም፤ ዝምድናን የሚጠብቅ አጥር ነው።

የወንድሜና የአጎቴ ነገር በሽማግሌ አለቀ። ሽማግሌዎቹ ኪሳራውን ለሁለት ከፈሉት፤ አጎቴ 200,000 ብር ተዉለት፤ ወንድሜ ደግሞ የቀረውን 200,000 ብር በየወሩ 5,000 ብር እየከፈለ በ40 ወር ሊጨርስ ፈረመ። በዘንድሮው ፋሲካ አጎቴ መጥተው በቦታቸው ተቀመጡ። ወንድሜም ይህን ጽሑፍ አንብቦ እንዲታተም ፈቅዶልኛል፤ «ጓደኞችህ እኔ በከፈልሁት ይማሩበት» ነው ያለኝ።

መምህራችን «ባለሀብቱስ ስለ ምን ብሎ ይሰጥሃል?» ሲሉ ለጠየቁት ጥያቄ እንግዲህ ከአንድ ዓመት በኋላ መልሴን አቀርባለሁ። የሚሰጠኝ ስለሚወደኝ ወይም ስለሚያዝንልኝ አይደለም። ከአሥር አንዱ እኔ ልሆን እችላለሁ ብሎ ስላመነ፥ ባልሆንም ኪሳራውን አውቆ ስለ ተቀበለ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ሳላገኝ በፊት የራሴን ቁጠባ አወጣለሁ፤ ገዢም እፈልጋለሁ እንጂ የአጎቴን በር አላንኳኳም።